በስለቱ መከለያ ላይ ስለተጻፈው መፈክር

ለተከበሩ የማተሚያ ቤታችን ሥራ አስኪያጅ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ የተሟላ እንዲሆን፣ ጣቶችዎም አሥር እንደሆኑ እንዲቆዩልዎ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ የቤቱ አራሚ ነኝ። በወረቀት መቁረጫው ክፍል የተሰቀለው «በጥንቃቄ እንሥራ» የሚለው መፈክር «እጅግ በጥንቃቄ» ተብሎ ይጠናከር ወይስ «ተጠንቅቀን» ይባል ብለው በትናንቱ ማስታወሻዎ ምርጫውን ለእኔ በመተውዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከመምረጤ በፊት ጥቂት ቅሬታዎች በአክብሮት አቀርባለሁ።

፩. መፈክሩ የተጻፈበት የሚያብረቀርቅ ብረት የመቁረጫው ስለት መከለያ ነበር። ሰሌዳ ፍለጋ ጊዜ እንዳይባክን ብለው እሱን አስፈትተው ግድግዳ ላይ ማሰቀልዎ ለቋንቋ ያለዎትን ፍቅር ያሳያል። ስለቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ነፋስ አግኝቷል።

፪. «በጥንቃቄ» ይሁን «በጥንቁቅነት» በሚል ሦስት ስብሰባ ተቀምጠናል። ከሁሉ አብልጬ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። ብረቱ ከየት እንደመጣ ግን አልጠየቅሁም። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

፫. ባለፈው ማክሰኞ መቁረጫው ላይ የምትሠራው ታናሽ እህቴ የሁለት ጣቶቿን ጫፍ አጣች። መከለያው በቦታው ሳለ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ጥፍሯ እንኳ ተነክቶ አያውቅም። በሪፖርትዎ «መፈክሩን ልብ ባለማለቷ» ብለዋል። በትእዛዝዎ መሠረት በየጠዋቱ ማሽኑ ፊት ቆማ ጮክ ብላ ስታነበው ከክፍሌ እሰማት ነበር። እጇን በፋሻ ጠቅልላ ስትመጣ የነገረችኝም «ወንድም ዓለም፣ ጽሑፉ ምንም አልጎደለውም፤ የጎደለው መከለያው ነው» ብቻ ነው። ለእናታችን እስካሁን አልነገርናትም፤ እህቴ እጇን ከሹራቧ ኪስ አታወጣም።

ሰኞ ወደዚያው መቁረጫ ተመለሽ ተብላለች። እኔ ፈርቻለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ጩኸቴ መዘግየቱንም አውቃለሁ።

እርማቴ ይኸው፦ የጠቀሷቸው ቃላት ሁሉ ትክክል ናቸው፤ የተሳሳተው የተሰቀሉበት ቦታ ነው።

ነጠላ ሰረዝ ሳያልፈው መከለያ ያለፈው፣
ታላቅ ወንድሟ፣ አራሚው

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ የመከለያውን አራት ብሎኖች እህቴ በመቁረጫው መሳቢያ አስቀምጣቸው ኖሯል። እሑድ ከሰዓት መፍቻ ይዤ እመጣለሁ። ቀለሙን ማስለቀቅ አያስፈልግም፤ ጽሑፉን ወደ ስለቱ አዞረዋለሁ፤ ከእንግዲህ እሱ ያንብበው።