የወይዘሮ እማዋይሽ ገብረማርያም የክረምት ቤት

ወይዘሮ እማዋይሽ ከአባታቸው ከቄስ ገብረማርያም አያልነህና ከእናታቸው ከወይዘሮ ይታይሽ ሰጠኝ በ1908 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት በቤጌምድር፣ ፎገራ፣ የርብ ወንዝ ወደ ጣና በሚወርድበት ሜዳ ነው። አባታቸው ሴት ናት ብለው ሳይለዩ ፊደል አስቆጠሯቸው፤ እሳቸውም ዳዊት እስከ መድገም ደረሱ።

በ1925 ዓ.ም. አቶ አለኸኝ በላቸውን አግብተው፣ ጤፍና ሽምብራ እያመረቱ፣ ከብት እያረቡ በፍቅር ኖሩ። ልጅ ግን ቆየባቸው። ብዙ ዓመት ተስለው፣ ብዙ ዓመት ጠብቀው በየካቲት 1943 ዓ.ም. ሴት ልጅ ሲወልዱ ስሟን አገኘሁሽ አሏት። ሕፃኗ የተወለደችው ሁለቱም እግሮቿ ወደ ውስጥ ተቆልምመው ነበር። እሳቸው ግን አንድም ቀን ሸሽገዋት አያውቁም። አራስ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ዓይኑ እግሯ ላይ ሲቀር፣ "እግሯን አያችሁ፤ ፊቷንም እዩልኝ እንጂ" ይሉ ነበር።

ልጅቱ ክርስትና እንደተነሣች ጎንደር ሐኪም ቤት ወሰዷት። እግሯ በጥቂት በጥቂቱ እየተቃና በጀሶ ይታሰር ጀመር፤ ጀሶውም በየሳምንቱ መቀየር ነበረበት። ሐምሌ ሲገባ ርብ ሞልቶ ሜዳውን ዋጠው። ወይዘሮ እማዋይሽ መኪና መንገድ ለመድረስ ልጃቸውን ይዘው በታንኳ ሲሻገሩ ታንኳው አዘንብሎ ውኃ ገባበት። ልጃቸውን ከራሳቸው በላይ አንሥተው አተረፏት፤ ጀሶው ግን ርሶ እንደ ሊጥ ላላ። ውኃው ጎድሎ መንገድ እስኪገኝ የቀናው እግር ተመልሶ ተጣመመ። በሚቀጥለው ዓመትም እንደገና ጀመሩ፤ ክረምቱ እንደገና አበላሸባቸው። በዚህ ጊዜ አቶ አለኸኝ፣ "እንግዲህ በቃ፣ አታሰቃዪያት። እግዜር እንደሰጠን እናሳድጋት" አሏቸው። አገኘሁሽም በእግሯ ጠርዝ እየረገጠች መሄድ ለመደች።

በ1949 ዓ.ም. ጎርፍ ከብቶቻቸውን ስለወሰደባቸው ወረታ ከተማ ገብተው፣ ከመንገዱ ዳር ከፍ ካለው ቦታ ላይ ቤት ሠሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ የጤና መኮንኑ አቶ ያየህ ወደዚህ ቤት መጡ። አቶ ያየህ ጎንደር ካለ የአጥንት ሐኪም ጋር ሆነው፣ እግራቸው ተቆልምሞ የተወለዱ የፎገራ ሕፃናትን ያጠኑ ነበር። በጀሶ ከቀናላቸው ልጆች ብዙዎቹ ክረምት ሲወጣ ለምን እንደሚመለስባቸው ማወቅ ፈልገዋል። ወይዘሮ እማዋይሽ የታንኳውን ነገር ነገሯቸው። አቶ ያየህም ይህንኑ ገምተው ነበርና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ውኃውን ግን ምን እናደርገዋለን፣ እትዬ?" አሉ።

"ውኃውማ ይሙላ። ልጆቹ ክረምቱን እኔ ዘንድ ይክረሙ።"

አቶ አለኸኝ በዚያው በጋ ከጓሮ ሰፊ ክፍል ጨመሩ። ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ እናቶች ሰኔ ሲመጣ ስንቃቸውን ቋጥረው፣ ሕፃኖቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። አቶ ያየህም በየማክሰኞው ከጎንደር በመኪና እየወረዱ ጀሶ ይቀይራሉ።

በሦስተኛው ክረምት ወለተ ሐና የምትባል ሸክላ ሠሪ ልጇን ይዛ መጣች። ከእናቶቹ አንዷ እናኑ፣ ሸክላ ሠሪ በዓይኗ ትበላብኛለች ብላ ፈርታ፣ "እመይቴ፣ ከእሷ ጋር አንድ ጣራ ሥር ልጄን አላሳድርም" አለች። ሌሎቹም አጉረመረሙ። ወይዘሮ እማዋይሽ የወለተ ሐናን ልጅ ተቀብለው አቀፉና፣ "እናኑ፣ ይኼም እግር እንደ ልጅሽ እግር ነው። ወለተ ሐና እዚሁ ትከርማለች። መሄዱም መቆየቱም ያንቺ ነው" አሉ።

እናኑ በዝናብ ወጣች። ብዙም ሳትቆይ የልጇ ጀሶ ረጥቦ ላልቶ፣ እያለቀሰች ተመለሰች። ወይዘሮ እማዋይሽ እርጥብ ነጠላዋን ተቀብለው እሳት ዳር አስቀመጧት። መስከረም ላይ ሲለያዩ የወለተ ሐናን ልጅ አዝላ እስከ መኪናው የሸኘችው እናኑ ናት።

በዚያ ቤት ከከረሙት ልጆች የሚበዙት እግራቸው ቀንቶ ወጥተዋል። የተመለሰባቸውም ነበሩ፤ ወይዘሮ እማዋይሽ ከእነዚያ እናቶች ጋር ቁጭ ብለው አልቅሰዋል። የአቶ ያየህ ጥናት፣ ሕክምናው ከተወለዱ በጥቂት ሳምንት ሲጀመር የበለጠ እንደሚረዳ ካሳየ ወዲህ፣ ወይዘሮ እማዋይሽ አራስ ለመጠየቅ በገቡበት ቤት ሁሉ መጀመሪያ የሚገልጡት የሕፃኑን እግር ነበር።

በ1957 ዓ.ም. ሐኪሙ የአገኘሁሽን እግር በቀዶ ሕክምና ለማቃናት እንደሚሞክር አሳወቀ። ወይዘሮ እማዋይሽ ፈሩ፤ "አንድ ልጄን ቢላዋ ሥር አላጋድምም" አሉ። አገኘሁሽ ያን ጊዜ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነበር። "እማ፣ ለሰው ልጅ ያልፈራሽውን ለእኔ ለምን ትፈሪያለሽ?" አለቻቸው። ይዘዋትም ጎንደር ሄዱ። ከወራት በኋላ ጀሶው ተፈትቶ ስትቆም፣ እናቷ ተንበርክከው ተረከዟ መሬት መንካቱን በእጃቸው ዳበሱ። አገኘሁሽ ዛሬም ጥቂት ታነክሳለች፤ ነገር ግን በውስጥ እግሯ ትረግጣለች።

ወይዘሮ እማዋይሽ ካለፈው ሰኔ ጀምሮ በልብ ሕመም ታመው ነበር። ዘመድ ተሰብስቦ፣ እናቶቹ ወደየቤታቸው ይሂዱ፣ እርስዎም ይረፉ ቢላቸው፣ "ሕፃን ሲያለቅስ ስሰማ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ተዉልኝ" አሉ። ነሐሴ 9 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ በፍልሰታ ጾም፣ በተወለዱ በ53 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸው አቶ አለኸኝ፣ ልጃቸው አገኘሁሽ፣ ይህን የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው መምህር አለምነህ፣ በየመንደሩ የሚሮጡት የክረምት ልጆቻቸውም ከኋላቸው ቀርተዋል።

ውኃውን በታንኳ ተሻግራችሁ የመጣችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። ለእናት ማረፊያ፣ ለሕፃን ደረቅ መኝታ ላልነፈጉት ለእኅታችን ጌታ በቅዱሳኑ እቅፍ ማረፊያ ይስጥልን፤ አሜን።

አገኘሁሽ በእናቷ ቀብር ላይ ይነበብልኝ ብላ ያሳሰበችው፦ ልጆቻችሁ ጀሶ ላይ ያሉ እናቶች፣ ለቅሶ ነው ብላችሁ እንዳትቀሩ። በመጪው ማክሰኞ እንደ ወትሮው ቤቱ ክፍት ነው።