ዋይፋያችንን ከአቧራ ላዳኑልን ኃላፊ

ለተከበሩ የኢንተርኔት ድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ጤናዎ እንዲጠበቅ፣ ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ የሚደውሉለትም ሁሉ እንደ እናንተ መሥሪያ ቤት ሳይሆን በመጀመሪያው ጥሪ እንዲያነሣልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የልብስ ሰፊዋ ልጅ ነኝ። ሰው ፊት መናገር ስለማይሆንልኝ ጽፌ በቢሮዎ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ካቋረጥኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። የማታ ትምህርት ቤቱ የሚመዘግበው በኢንተርኔት ብቻ ሲሆን፣ ምዝገባው የሚያበቃው ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ነበር። እናቴ ለዚሁ ብላ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛችልኝ፣ ዋይፋይም አስገባች። ላፕቶፑ ግን መስመራችሁን አላገኝ አለ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ባለሙያዎ ዋይፋዩን የሚያሰራጨውን ራውተር አቧራ እንዳይነካው ብሎ እናቴ ክርና ቁልፍ የምታስቀምጥበት የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብቶ በሩን ስለ ዘጋልን እናመሰግናለን። እስከ ዛሬ አንድ ብናኝ አልደረሰበትም። ኢንተርኔቱም እኛ ዘንድ አልደረሰም።

፪. ሐሙስ ለጥገና ሲመጣ ላፕቶፑን ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ በራሱ ስልክ ቪዲዮ ከፈተና እናቴን «ይኸው እትዬ፣ እንደ ውኃ ይፈሳል! ችግሩ ከልጅቷ ነው» አላት። የስልኩ ዋይፋይ ጠፍቶ በራሱ ሲም ካርድ ይሠራ እንደነበር አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። ለዝምታዬ ራሴን ወቅሻለሁ፤ የእርሱን ድፍረት ግን ለእርስዎ ትቻለሁ። በወረቀቱ ላይም «ተጠቃሚዋ አትችልም፤ ችግሩ ተፈትቷል» ብሎ ጽፎ እናቴን አስፈርሟታል። እኔ ሳልችል ችግሩ እንዴት እንደ ተፈታ እስካሁን አልገባኝም።

፫. ግማሽ ቀን ድፍረት አጠራቅሜ ስደውል፣ ስልክ የምትቀበለው ሠራተኛዎ «የኔ ቆንጆ፣ ትልቅ ሰው አቅርቢልኝ» አለችኝ። እናቴን አቀረብኩ። «አጥፍተው ያብሩት» ብላት ዘጋች። ሙያው ይኸው ብቻ ከሆነ እናቴን ነገውኑ ሊቀጥሯት ይችላሉ።

፬. ዓርብ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ እናቴ ጥቁር ክር ልታወጣ ቁም ሣጥኑን ስትከፍት፣ ጉልበቴ ላይ ያለው ላፕቶፕ ተገናኘ። ስትዘጋው ጠፋ። ደግማ ስትከፍተው መጣ። ባለሙያዎ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ያላገኘውን እርሷ ክር ስትፈልግ አገኘችው። የቁም ሣጥኑን በር እንዳይዘጋ በእግሬ ደግፌ ቅጹን ሞላሁ። ምዝገባው ሊዘጋ ዘጠኝ ደቂቃ ሲቀረው «ተመዝግበሻል» የሚል መልእክት መጣልኝ። እናቴ መርፌዋን ጥላ አቀፈችኝ።

ድርጅትዎ ከዚህ በላይ እንዳይደክምልን እየተማጸንኩ፣ ከማይገባዎት አክብሮት ሁሉ ጋር፣

የማታ ትምህርት ቤት ተማሪ

ማስታወሻ፦ ቀጣዩ ምዝገባ ከሦስት ወር በኋላ ነው። መሠረታዊ የኮምፒውተር ትምህርትም ስላለ ለባለሙያዎ ይንገሩልኝ። ቅጹን መሙላት ካቃተው፣ ትልቅ ሰው ሳያቀርብ ወደኔ ይምጣ።