ሰፊው ወይስ ረጅሙ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክ? ሚስትህ፣ ልጆቹ ሁሉ ደህና ናቸው? ሳልህስ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ማር በሎሚ ጠጣ እያለ የሚጨቀጭቅህ ሰው ትፈልጋለህ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ማለት ለምዶብኝ ነው መሰለኝ ብዕሬ ራሱ ቀድሞኝ ይጽፈዋል።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሰፊውን የካሜራ ሌንስ ላምጣልሽ ወይስ ረጅሙን፣ እስከ ዓርብ ወስኚ፣ ገደሉ ጫፍ አብረን ቆመን የምናነሳበት ነው ብለሃል። ዘጠኝ ዓመት ስናወራለት የኖርነው ጉዞ ቀን ተቆረጠለት ማለት ነው። እኔ ግን መልሱን መጻፍ አቅቶኝ አራት ቀን ወረቀቱን ሳገላብጥ ሰነበትኩ። ደክሞኛል፣ ወንድሜ። ስለ ሌንስ ማሰብ እንኳ ያደክማል ብትለኝ ድሮ እስቅብህ ነበር።

ሰው ሁሉ ለመልክዓ ምድር ሰፊው ነው ይላል። ስሠራበት የኖርኩት ፎቶ ስቱዲዮ ባለቤትም በስልክ ሳማክረው ሳያስብ ሰፊውን አለኝ። እሱ ምን አለበት፣ ዕድሜውን ሙሉ ጉርድ ፎቶ ሲያነሳ የኖረ ሰው! እኔም ብሆን ከሱ አልሻልም። የመጀመሪያውን የተራራ ፎቶዬን የላክሁልህ ጊዜ ምን እንዳልክ ታስታውሳለህ? ተራራውን መሃል ላይ ገትሬ፣ ከአናቱ በላይ ሁለት ጣት ቦታ ትቼ ስለነበር፣ ጉርድ ፎቶ አነሳሽው፣ ጆሮዎቹም እኩል ታይተውለታል ብለህ አሾፍክብኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሰውን ቀና በል፣ አገጭህን ዝቅ አድርግ ስል ኖሬ፣ ተራራውንም እንደ ደንበኛ አስቀመጥኩት።

በኋላ ሰፊውን ሌንስ ተውሼ ሞከርኩት። ሰፊ ስለሆነ ተራራውን ያገዝፍልኛል ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ኩይሳ አሳክሎት ቁጭ አለ። ለካስ የሱ ነገር ቀረብ ሲሉት ነው። ድንጋዩ ሥር ካልተንበረከክክ፣ ሣሩ ውስጥ ካልገባህ፣ ጫፉ ድረስ ካልሄድክ ፎቶህ ባዶ ሜዳ ይሆናል። የሚሄድ ሰው ይፈልጋል። ረጅሙ ዐመሉ ሌላ ነው፤ ከተቀመጥክበት ሳትነሳ ሩቁን ጎትቶ ያመጣልሃል።

ባለፈው የላክሁልህ ፎቶዎች ለምን ሁሉም ከአንድ ቦታ ሆኑ ብለህ ጠይቀኸኝ፣ ቦታው ደስ ስለሚለኝ ነው ብዬህ ነበር። ዋሸሁህ። በግራ ጥጉ ያለችው ጥቁር መስመር፣ አንተ የመብራት ሽቦ የመሰለችህ፣ የወጥ ቤቴ መስኮት ብረት ናት። ከክረምቱ ወዲህ ያነሳሁት ሁሉ ከዚያው ነው። ጠዋት ጠዋት ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ መጥታ ከነወንበሬ ወደ መስኮቱ ታስጠጋኛለች፤ ወደ ሥራዋ ስትሄድ ካሜራውን ጭኔ ላይ ታስቀምጥልኛለች።

ሳልነግርህ የቆየሁት ጉዞውን ትሰርዘዋለህ ብዬ ፈርቼ ነው። ተናድጄም ነበር፣ በማን እንደሆነ ሳላውቅ። ዘጠኝ ዓመት ዛሬ ነገ ስንል የከረምነው ሌላ ሰው አይደለም፣ እኛው ነን። አሁን ንዴቱም ሰለቸኝ።

ስለዚህ ለእኔ ረጅሙን አምጣልኝ። ሰፊውን ለራስህ ያዝና ገደሉ ጫፍ ድረስ ሂድ፤ በእኔ ምክንያት ብትቀር አልታረቅህም። ስትደርስ ካሜራውን ለማውጣት አትቸኩል፣ መጀመሪያ በዓይንህ ጠግበህ እይልኝ።

መንገዱን ያቅናልህ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ። ከዚያ ስትመለስ በቀጥታ ወደ እኔ ና። ደጅ ቆመህ በሩን እያንኳኳህ እንዳትጠብቀኝ፤ ቁልፉን ከልብስ ሰፊዋ ተቀበልና ራስህ ከፍተህ ግባ።

እትዬህ