የሱሪህ ግራ እግር

ውድ ካፒቴን፣

ሆስፒታል ያልመጣሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ለባለቤትህ "የዩኒፎርም ወቅት ነው፣ ቀና ማለት አቃተኝ" ብያታለሁ፤ ውሸቴን ነው። ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ ያንኑ አንድ ኮሌታ ስፈታና ስሰፋ ነው የምውለው። ዓይንህን ለማየት አፍሬ ነው የቀረሁት።

ነገሩን ቶሎ ልናገረውና ይውጣልኝ። ጭንህ ላይ ያለውን እብጠት አውቅ ነበር። ካንሰር መሆኑን አላወቅኩም፤ መኖሩን ግን ካንተም በፊት አውቄያለሁ።

ሰው አንተን፣ የስፖርት መምህሩን፣ የሚያውቅህ በፊሽካህ ነው፤ እኔ የማውቅህ በሴንቲሜትር ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ከሰርግ ልብስህ ጀምሮ ተማሪ እስከምታሯሩጥበት ቱታ ድረስ የሰፋሁልህ እኔ ነኝ። ከዓመት በፊት ለግራጫው ሱሪ ልክህን ስወስድ ግራ ጭንህ ሃምሳ ስምንት መጣ፤ ቀኙ ሃምሳ አምስት። ሜትሬ አርጅቶ ይሆናል ብዬ ደገምኩት። ያው ነው። አንተ ጣሪያ ጣሪያውን እያየህ "ምን ትነካካኛለህ ሰውዬ? ጡንቻ አይተህ አታውቅም?" አልከኝ። ተሳሳቅን።

የሙያችንን ነገር ታውቃለህ። ሥራ ያስተማረኝ ሰውዬ መጀመሪያ የነገረኝ የመቀስ አያያዝ አይደለም። "የሰው ገላ ምስጢር ነው፤ ሆዱ የገፋውን ገፋህ፣ ትከሻው የጎበጠውን ጎበጥክ አትበል፤ አፍህን ዘግተህ ጨርቁን አስተካክል" ነው ያለኝ። ደንበኛ ያፈራሁትም በዚህ ነው። ስለዚህ አፌን ዘግቼ የሱሪህን ግራ እግር አሰፋሁት።

ዝም ብቻ ብዬ ቢሆን ምናለ! ተራቀቅኩበት እንጂ። ስፌቱን ወደ ኋላ ሳብ፣ ከፊት አንዲት እጥፋት ጨመር አድርጌ ሁለቱን እግር እኩል አስመሰልኩት። ከወራት በኋላ "ጠበበኝ" ብለህ መጣህ፤ ስድሳ አንድ። ፈትቼ አሰፋሁት። ለሦስተኛ ጊዜ መጣህ፤ ስድሳ አራት። ጣቴ ስር ጠጠር ያለ፣ ከእንቁላል የሚበልጥ ነገር ነበር። "ያምሃል እንዴ?" አልኩህ። "የማያመኝን ነገር ምን ላድርገው?" አልክ። እኔም ካላመመውማ ምንም አይደለም ብዬ ተውኩት። ይባስ ብሎ ሱሪውን ለብሰህ ስትወጣ ከኋላህ አይቼ "እሰይ እጄ፣ ማንም አያውቅበትም!" ብዬ ኮራሁ። ይኼን ስጽፍልህ እንኳ ጆሮዬ ይግላል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የሰው በሽታ የደበቀውን ግን ምን እንደሚሉት እንጃ።

ኳስ ጭንህን መትቶህ ሜዳ ላይ ቁጭ ካልክ በኋላ ባለቤትህ ሱቄ መጣች። ሐኪሙ ያላትን ነገረችኝ። ሳርኮማ ይባላል አለች፤ ያንተው ዓይነት አጥንት ላይ ሳይሆን ጡንቻ፣ ስብ፣ ጅማት፣ የደም ሥር ውስጥ የሚነሳ። የሚይዘው ሰው ጥቂት ነው፤ ሲይዝ ግን ሕፃን አዋቂ አይልም፤ ካንተ ክፍል ጎን የአምስት ዓመት ልጅ ተኝቷል። ሲጀምር ብዙ ጊዜ ስለማያም ሰው ይዘናጋል። ሐኪሙ "ቶሎ ታይቶ ቢሆን ኖሮ" ብሎ ራሱን ነቀነቀ አለችኝ።

ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። "አያናግረኝም። 'አብረሽኝ እየኖርሽ እንዴት አታዪም? ሚስቴ ነሽ ወይስ ጎረቤቴ?' አለኝ። ማክሰኞ ነው ቀዶ ጥገናው፤ እግሩ ይትረፍ አይትረፍ ገና አልታወቀም። 'እህቴ ትምጣ፣ አንቺ ቤትሽ ሁኚ' ይለኛል። እንዲህ እንደተኳረፍን ይግባ?" ቀና ብላ ደግሞ አየችኝ። "አንተስ ወንድሜ፣ ልኩን ስትወስድ ምንም አላየህም?"

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው!" አልኳት።

ውሸት ብርቄ አይደለም፤ "ነገ ይደርሳል" ያላልኩት ደንበኛ የለም። እብጠትህን በሱሪ የደበቅኩትን ባለማወቅ ነው ልበል። ይኼኛውን ግን እያወቅኩ ነው የዋሸሁት። እሷም እንባዋን ጠርጋ "አንተ ሜትር ይዘህ ካላየኸው እኔ ከየት አባቴ ልየው?" ብላ ትንሽ ቀለል ብሏት ሄደች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ባለፈው ሰኞ አንዲት እናት ልጇን ለዩኒፎርም አመጣች። የልጅቷ ትከሻ ስር እብጠት አገኘሁ። ሜትሩ ከእጄ ወደቀ። "ይኼን ሐኪም ይየው" አልኳት። "ጋሼ፣ ልብስ ይስፉልኝ አልኩ እንጂ ልጄን ይመርምሩልኝ አልኩ?" ብላ ልክ ልኬን ነገረችኝ። ሐሙስ ተመልሳ መጣች፤ ታይቶ የስብ እብጠት ነው፣ አያሰጋም ብለዋታል። እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም ለካ፤ ለይቶ የሚያውቀው ግን ሐኪም ነው። እኔን የፈጀብኝ ሁለት ደቂቃና አንድ ስድብ ነው። ላንተ ይቺን ነፈግኩህ፣ ካፒቴን።

ከልክ ደብተሬ ያንተን ገጽ ቀድጄ አብሬ ልኬዋለሁ። ለሐኪሙ "ሦስት ወር ቢሆነው ነው" ብለሃል አሉ። ዐሥራ አራት ወሩ ነው፤ ቀኑም ቁጥሩም እዚያው አለ፣ ስጠው። እኔን ይቅር በለኝ ብዬ አልለምንህም፤ በምን አፌ! ሚስትህን ግን አትበድላት። ክረምት ከበጋ በቱታ የምትተኛ ሰው መሆንህን መንደሩ ሁሉ የሚስቅብህ ነገር ነው፤ ቱታውንም የሰፋሁት እኔ ነኝ። እሷ ያላየችው ችላ ብላህ አይደለም፤ እንዳታይ አድርጌ የሰፋሁት እኔ ነኝ።

ዛሬ ከሰዓት ባለቤትህ ምግብህን ይዛ ወደ አንተ ስታልፍ ደብዳቤውን ሳላሽግ እሰጣታለሁ። መጀመሪያ እሷ ታንብበው፤ እስክትጨርስ ከፊቷ ንቅንቅ አልልም። ማክሰኞ እጅህን ይዛ የምትገባው እሷ ትሁን። እኔ ከበር ውጭ እቆማለሁ፤ ግባ ካልከኝ እገባለሁ፣ ጥፋ ካልከኝም እጠፋለሁ።

አይቶ አላየሁም ያለው፣
ልብስ ሰፊህ