የጡረተኞች ምሳ

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

በእግሬ ሄድኩ። ከቂርቆስ እስከ ቡልጋሪያ ሰፈር ድሮ ለእግሬ ምን ነበረች... አሁን በየጋራዡ በር ቆም እያልኩ ነው። ጎማ የሚያንከባልል ጎረምሳ «እማማ፣ ዳር ይያዙ!» አለኝ። ዳር ላይ ነበርኩ እኮ።

የድሮ ድርጅቴ ክበብ ሰሌዳ ላይ «ቀይ ወጥ በእንጄራ» ተብሎ ተጽፏል። ጠመኔ አንስቼ አረምኩት። ወጥ ቤቷ ቢፍቱ ብቅ ብላ አየችኝ።

«እትዬ ሀብትነሽ፣ ሆድ ውስጥ ሲገባ አንድ አይደል?»

«ሆድ ውስጥ ሲገባ። ሰሌዳ ላይ ግን አይደለም።»

ሳላሀዲን ሳቀ። የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ በነበረበት ዘመንም እንዲሁ ነበር፤ እኔ የጎደለ ብሎን ስጠይቀው እሱ ይስቃል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ትኩስ ነገር የሚቀምሰው እዚህ ብቻ ነው። አይናገርም እንጂ አውቃለሁ። ማታ ዳቦና ሻይ።

አምስት ቀርተናል። በመስኮቱ በኩል ያለው የጡረተኞች ጠረጴዛ ድሮ ወንበር አይበቃውም ነበር።

ግንቦት 15፣ ዓርብ

ኢኽላስ ወደ ጠረጴዛችን መጣች። የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ናት፤ የእኔን ወንበር የያዘች። ጥሩ ልጅ። ስትናገር ግን ትፈጥናለች።

«እትዬ፣ ትንሽ ላስቸግርዎት? ወደ አዲሱ ዓለም አቀፍ የሒሳብ አያያዝ ደረጃ እየገባን ነው። ኦዲተሮቹ ስለ ምሳው ጠየቁን።»

«ስለ የትኛው ምሳ?»

«ስለዚህ። ስለ ጡረተኞቹ።»

ሳላሀዲን የጠቀለለውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰ።

«ኧረ ይብሉ፣ ይብሉ! ማለቴ... በአዲሱ ደረጃ፣ ውል ባይኖርም ድርጅቱ ሁልጊዜ የሚያደርገው ነገር ከሆነ፣ ሰውም ተስፋ ከጣለበት፣ ዕዳ ነው። እንደ ድሮው የወሩ ወጪ ብሎ ማለፍ በቃ አይቻልም። ወደፊት ምን ያህል እንደሚሆን ገምተን ዛሬ መመዝገብ አለብን።»

ገምተን አለች።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

ቃሏ ከጆሮዬ አልወጣም።

የንግድ ሥራ ተማሪ ሳለሁ ካዛንቺስ አክስቴ ግቢ ነበር የምኖረው። ክረምት ቆርቆሮው ሲጮህ ድምሬን ጮክ እያልኩ ነበር የማጠናው። ሒሳብ አያያዝ ያስተማረን ህንዳዊ ነው። ረጅም፣ ፀጉሩ በቅባት የተኛ። አንድ ቀን ሲጠይቀኝ «ሦስት መቶ ገደማ» ብዬ መለስኩ። ጠመኔውን ዘረጋልኝ።

«ገደማ የሚባል ቁጥር እስቲ ሰሌዳው ላይ ጻፊልኝ።»

ማስመሪያው ጣቴ ላይ አረፈ። ከዚያ ወዲህ ገደማ አላልኩም። ለዚህ ድርጅት ዕድሜዬን ሙሉ ስሠራ ከድምሩ በታች በቀይ ቀለም ሁለት መስመር አሰምር ነበር። የመደመሪያ መኪናው እጀታ ሲዞር የሚያሰማው ድምፅ... ማን ያስታውሰዋል አሁን? አሁን እንዲህ ደክመን የሸሸነውን ግምት ደረጃ ብለው አመጡት።

የአክስቴ ግቢ የለም። ባለፈው በዚያ አለፍኩ። ሰፊ አስፋልት፣ አበባ፣ መብራት። ያምራል። በራችን የቱ ጋ እንደነበር ግን... መገመት ነበረብኝ።

ግንቦት 26፣ ማክሰኞ

ኢኽላስ ምሳው እንዴት እንደተጀመረ ጠየቀችኝ። የጀመረው በስህተት ነው አልኳት።

መካኒኩ ታዲዎስ ነው። የመጀመሪያው ጡረተኛችን። ዓርብ ሸኘነው። ካፖርት ተሰጠው፣ ንግግር ተደረገ፣ አለቀስን። ሰኞ በምሳ ሰዓት ቱታውን ለብሶ መጣ! ሳህን አንሥቶ ተሰለፈ፣ የተለመደ ቦታው ተቀመጠ። አንድ ጊዜ እንደጎረሰ ትዝ አለው። እጁ ቆመ። ማንም አልተነፈሰም። ወጣቶቹ አፋቸውን ይዘው ሳቅ ሊያመልጣቸው...

የድርጅቱ ባለቤት አቶ አጽብሃ ከጥጉ የራሳቸው ጠረጴዛ ሳህናቸውን ይዘው ተነሡ። አጠገቡ ተቀመጡ። ስለ አንድ ካምቢዮ ጠየቁት። በልተው ሲጨርሱ «ነገ እንዳትቀር» አሉት። በቃ፣ ይኸው ነው።

ከሰዓት ቢሯቸው ገባሁ። «በምን ስም ልመዝግበው?» አልኩ።

«አንቺ ደግሞ! ምሳ ይበላል እንጂ ይመዘገባል?»

የሠራተኛ ምሳ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ጡረታ የወጣ ሁሉ በማግስቱ ይመጣል። እኔም መጣሁ። ታዲዎስ እስኪሞት አልቀረም።

ኢኽላስ ይህን ሁሉ ስትጽፍ ቆይታ ቀና አለች። «እትዬ፣ ይሄ እኮ ራሱ ነው። ደረጃው የሚለው ይሄንን ነው።»

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ተስፋለም አስጠራኝ። የአቶ አጽብሃ ልጅ፤ አባቱ ካረፉ ወዲህ ሥራ አስኪያጁ እሱ ነው። የአባቱን ወንበር ቀይሮታል፤ የሚሽከረከር ነው። ሻይ አዘዘልኝ። ስኳር አለመውደዴን አልረሳም።

«እትዬ፣ ልደብቅዎ አልችልም። ባንኩ ብድር ሊሰጠን ሒሳባችንን እየጠበቀ ነው። ይሄ ምሳ ዕዳ ሆኖ ከወጣ መልካችን ይበላሻል።»

«እና እኔ ምን ላድርግ?»

«በዚያ ዘመን ዋናዋ ሒሳብ ሹም እርስዎ ነዎት። ልማድ አልነበረም፣ እንዲያው አልፎ አልፎ የሚደረግ በጎ ፈቃድ ነው ብለው ይጻፉልኝ። ኦዲተሮቹ የእርስዎን ቃል ይቀበላሉ።»

«ምሳውስ?»

«ይቀጥላል! ቃሌ ነው። እስከተቻለ ድረስ።»

እስከተቻለ ድረስ። ይህም ገደማ ነው።

«ባልጽፍስ?»

ጣራውን አየ። «ጨርሶ ላቆመው እገደዳለሁ።»

ሻዩ ቀዘቀዘ።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ለሳላሀዲን ነገርኩት።

«ጻፊለታ!» አለ።

«ውሸት ልጻፍ?»

«ሀብቴ፣ እኔ ወረቀትሽን አልበላም እኮ።»

ተቆጣሁ። ሳልጨርስ ተነሣሁ። በሩ ጋ ዞር ብዬ ሳየው የእኔን ሳህን ወደ ራሱ እየሳበ ነበር። ሊያስቀኝ ነው... ወይስ እውነትም ርቦት ነው?

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

እውነት ብጽፍ ምሳው ይቆማል። ውሸት ብጽፍ ይቀጥላል፣ አንድ ሰው ጠዋት ተነሥቶ በቃ እስኪል። የቱ ነው ሳላሀዲንን የሚያበላው?

ሰኔ 13፣ ዓርብ

ኢኽላስ የሁላችንን የልደት ዘመን ሰበሰበች። አፍራ ነው የጠየቀችው። ዕዳው የሚሰላው እያንዳንዳችን ስንት ዓመት እንደምንበላ ተገምቶ ነው አለች።

«እስክንሞት ማለትሽ ነው» አልኳት።

«አላህ ያቆያችሁ! የሚያሰላ ባለሙያ አለ፣ እትዬ። እኔ አይደለሁም።»

ሳላሀዲን ደስ አለው። «እኔን መቶ አድርጊኝ። የሀብቴን ዝም ብለሽ ክፍት ተይው። መልአከ ሞትም ሲመጣ ደረሰኝ ትጠይቀዋለች።»

ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ። እኔም... ሳቅኩ።

ስንወጣ ግን ትንሽ አብሮኝ ሄደ። «ያን ቀን ያልኩሽን ተይው» አለ። «እንዳሻሽ ጻፊ። ዳቦም አለ።»

ሰኔ 16፣ ሰኞ

ሄድኩ። ሻይ አልፈልግም አልኩ።

«ተስፋለም፣ በኮሮናው ጊዜ ክበቡ ተዘግቶ ነበር?»

«አዎ።»

«አባትህ ጡረተኞች ከቤት እንዳይወጡ ብለው ነበር?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ምሳችን ቀርቶ ነበር?»

ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ምሳ ዕቃውን እየዞረ በየበራችን የሚያስቀምጠው ማን ነበር? ጭምብሉን አድርጎ፣ በሩን አንኳኩቶ፣ ርቆ ቆሞ "ብሉ!" እያለ የሚጮኸው?»

«...እኔ ነኝ።»

«በጎ ፈቃድ ማለት ሰጪው ሊተወው የሚችለው ነው። አባትህ ያን ጊዜ ትንሽ ብቻ ቢተዉት ማን ይወቅሳቸው ነበር? አልቻሉም። አንተንም ላኩህ።»

ወረቀቱን ሰጠሁት። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ከመጀመሪያው ጡረተኛ ጀምሮ ምሳው ተቋርጦ አያውቅም። ሁላችንም ጡረታ የወጣነው እንደሚጠብቀን እያወቅን ነው።

አንብቦ አጠፈው። «እትዬ፣ ይሄ ወረቀት እኮ እኔን ነው የሚያስረኝ።»

«አዎ» አልኩት። «ሒሳብ ለዚህ ነው።»

ደረጃውን ስወርድ የሳላሀዲንን ዳቦ አሰብኩ።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

ሄድኩ። ሽሮ። ማንም አልከለከለኝም።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ተወሰነ።

ዕዳው ተመዝግቧል። ምሳው ለአምስታችንም እስከ ዕድሜያችን ፍጻሜ፣ በጽሑፍ፣ በማኅተም። ባንኩ ሒሳቡን አይቶ ብድሩን ቀነሰ እንጂ አልከለከለም። ተስፋለም ራሱ ጠረጴዛው ድረስ መጥቶ ነገረን። «በየበራችሁ ያደረስኩትን ማቆም አቃተኝ» አለ። አንድ ነገር ግን አለ፤ ከዚህ ዓመት ሰኔ ሠላሳ በኋላ ጡረታ ለሚወጣ አይሠራም። መስመሩ ተሰምሯል። አባቱ ያልጻፉት ለሁሉም ነበር፤ ሲጻፍ ወሰን አገኘ።

በእኔ ምክንያት ነው? ባይጻፍ ኖሮስ...

ኢኽላስ እንዲህ ያለውን ዕዳ በአማርኛ ምን ብላ እንደምትጠራው ጠየቀችኝ። «በልማድ የጸና ግዴታ» አልኳት። ወደደችው።

«ለእኔ ስንት ደረሰኝ?»

«እትዬ፣ ተዉ...»

«ንገሪኝ።»

«ዐሥራ አንድ ዓመት።»

ዐሥራ አንድ! መምህሬ ይህን ቢያይ። ተቀምጬ ሳስበው ግን ከስድብ አልቆጠርኩትም። አንድ የማላውቀው ሰው ቢሮ ተቀምጦ ሀብትነሽ የምትባል አሮጊት ዐሥራ አንድ ዓመት ምሳ ትበላለች ብሎ ቦታ ያዘልኝ።

«እሰይ» አለ ሳላሀዲን። «በስተርጅና ግምት ውስጥ ገባን።»

ነሐሴ 30፣ ዓርብ

ቢፍቱም ጡረታ ወጣች፤ ሸኘናት። ጋቢ አለበሷት። ተስፋለም ጥሩ ተናገረ። እሷ እንዳቀረቀረች ነበር። የታዲዎስን ካፖርት አስታወስኩ።

ይህን ሁሉ ዘመን ያበላችን እሷ ናት። ከመስመሩ ማዶ ቀረች።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

ሩፋኤል ነው። ካፊያ። ልጆች መንገድ ላይ እየጮኹ ይረጥባሉ። እኛም ካዛንቺስ እንዲሁ ነበርን፤ አክስቴ እስክትጠራን።

ሰሌዳውን ሳላየው ገባሁ። አዲሷ ወጥ ቤት ቆጠብ ያለች ናት፤ በርበሬው ልክ ነው። አልጣመኝም።

መብላት እንደጀመርን በሩ ላይ ቢፍቱ። ነጠላዋ ርሷል። በፌስታል ነጭ ሽርጧን ይዛለች። ወደ ማብሰያው ሁለት ጊዜ ተራመደችና ሌላ ሰው ቆሞ አየች። ወደ ወንበሮቹ ዞረች። የትኛው በኩል እንደምትሆን ጠፋት።

«ምን ነካኝ...» አለች። «እግሬ ነው ያመጣኝ፣ እትዬ።»

ክበቡ ጸጥ አለ። ያው የታዲዎስ ቀን ጸጥታ። ሳህኑን ይዞ የሚነሣ ሰው ጠበቅኩ። ወደ ጥጉ ጠረጴዛ ሁሉ አየሁ... አቶ አጽብሃ የሉም።

ተነሣሁ። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳት። ሳህኔን በመካከላችን አደረግሁ። «ከእኔ ድርሻ ነው» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ደረጃው በአንድ ሳህን ስንት እጅ ይግባ አይልም።»

ሳላሀዲን የመጀመሪያውን ጉርሻ አጎረሳት። እንባና ሳቋ ተቀላቀለ። ስለ ወጡ ጠየቅኳት። «በርበሬ ያንሰዋል» አለች።

በልተን ስንጨርስ «ነገ እንዳትቀሪ» አልኳት።

ኢኽላስ ሳህኗን ይዛ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። ጎንበስ ብላ በጆሮዬ «እትዬ፣ ይሄም ከተደጋገመ እኮ ልማድ ይሆናል» አለችኝ።

«እንግዲያ ገምቺዋ» አልኳት።