ከጫልቱ ጀርባ ያጠፋሁት

ሰኞ
ከናዝሬት እስከ ሻሸመኔ የፎቶ ጀርባ በማጥፋት የሚደርስብኝ የለም። እሺ፣ ከጋሽ መንገሻ በቀር። ፎቶ ቤቱም የእሳቸው ነው፣ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው ቀጥሎ ግን እኔ ነኝ። ሌላ ሠራተኛ የለንም፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ሰው ከነአጥሩ፣ ከነጎረቤቱ የተነሳውን ያመጣና "ብቻዬን አድርጉኝ" ይላል። ኔጋቲቩ ላይ በቀጭን ብሩሽ፣ ከሰውዬው ዙሪያ ያለውን ሁሉ ቀይ ቀለም እቀባለሁ። ቀዩ ብርሃን አያሳልፍም፤ ፎቶው ሲታተም ነጭ ይሆናል። አጥር የለ፣ ጎረቤት የለ።

ዛሬ የራሴን ጀመርኩ። የማታውን መሠረተ ትምህርት የጨረስን ቀን ቀበሌው ግቢ የተነሳነውን። መሀል ላይ ጫልቱ ትስቃለች። ያሳቅኳት እኔ ነኝ፤ ከኋላዋ ቆሜ በጆሮዋ ቀልድ ጣል አድርጌላት ነው። ዳር ላይ የዘበኛው ፍየል ከሊቀመንበሩ እጅ የምስክር ወረቀት ስትነጥቅ ትታያለች። የጋበዛት የለም።

ጫልቱ ክረምት ሳይገባ ወንድሟ ዘንድ ሻሸመኔ ሄደች። አንድ ቀን ከክፍል ስንወጣ "ብቻዬን የተነሳሁት ፎቶ የለኝም" ስትል ሰምቻለሁ። ለጓደኛዋ ነው ያለችው። የሰማሁት ግን እኔ ነኝ።

ማክሰኞ
የፀጉሯን ዙሪያ በብሩሽ ስዞር ዋልኩ። ሻሿ ቀላል ነው። ከሻሿ ያመለጠችው ዘለላ ናት የምታስቸግረው፤ ትንፋሽ ዋጥ ተደርጎ ነው የምትታለፈው።

ጋሽ መንገሻ በትከሻዬ አጮልቀው አዩ።
"አንተ ቀባጣሪ፣ ዛሬ ዝም አልክ። አመመህ?"
"ሥራ ላይ ነኝ ጋሼ።"
"የማን ደንበኛ ናት?"
"የመንግሥት።"
ሳቁ። ሳቃቸውን አልወደድኩትም።

ረቡዕ
አለቀ። አጥሩ ጠፋ፣ ሰዉ ጠፋ፣ ሊቀመንበሩ ጠፋ፣ ፍየሏም። ግድግዳው ላይ የነበረው መፈክርም። ጋሽ መንገሻ ይህን ሲያዩ ሄደው በሩን ዘጉ።
"መፈክሩንም አጠፋኸው?"
"ቀለሙ በውሃ ይለቃል ጋሼ።"
"አንተ ነህ የምትለቅ፣ ሰው ቢያይህ።"

ጫልቱ በነጩ መሀል ብቻዋን ትስቃለች። ደብዳቤ ልጨምርበት ነበር። መጻፍ ተምሬ የምጽፈው ጠፋኝ። ከጀርባው ስሟን ብቻ ጻፍኩና ለከድር ሰጠሁት፤ ከሻሸመኔ እህል የሚያመላልስ ሾፌር ነው፣ የወንድሟን ሱቅ ያውቀዋል።

ሐሙስ
ከድር አልተመለሰም። አንድ ሙሽራ አማቼን አጥፋልኝ ብሎ መጣ። የጭነት መኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ወደ በሩ ስዞር የሙሽራውን ጆሮ ቀባሁት።

ሻሸመኔ ሩቅ አይደለም። ሞጆ፣ መቂ፣ ዝዋይ፣ ነገሌ። ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ የመንገዱን ታፔላ ሁሉ በሐሳቤ እያነበብኩ እሄዳለሁ። አልደርስም።

ቅዳሜ
ከድር መጣ። ፎቶውን መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠው።
"አልወደደችውም?"
"አገላብጣ አየችው። ከዚያ 'ፍየሏስ?' አለች።"
"ሌላስ?"
ሆነ ብሎ ከጎረቤት ሻይ ቤት ሻይ አዘዘ። ስኳሩን ሲያማስል ልሞት ነበር።
"'ከኋላዬ የቆመውስ? ራሱን ለምን አጠፋ?' አለች። 'ሁሉንም መልሶ ያምጣልኝ' ብላለች።"
"ያምጣ ነው ያለችው ወይስ ይላክ?"
"እኔ እህል ነው የምጭነው ወንድሜ፣ ቃል አልመዝንም።"

እውነቷን ነው። ከኋላዋ ስለቆምኩ እኔም ጀርባ ነበርኩ። ፀጉሯን እንዳልነካ ስጠነቀቅ በራሴ ፊት ላይ ብሩሽ ማሳለፌን ልብ አላልኩም።

እሑድ
ዛሬ ዝግ ነው። ጋሽ መንገሻ ምንም ሳይጠይቁ ቁልፉን ሰጡኝ። ኔጋቲቩን አጠብኩት። ቀዩ እየለቀቀ ሲወርድ አጥሩ ተመለሰ፣ ሊቀመንበሩ ተመለሰ፣ ፍየሏ ከነወረቀቷ። ፎቶውን አትሜ አደረቅኩት።

ነገ ከድር ይሄዳል፤ ጋቢናው ውስጥ ቦታ አለ ብሎኛል። ሸሚዜን አጥቤ አስጥቻለሁ። "ያምጣልኝ" ማለቷ እውነት ይሁን የከድር ጨዋታ እዚያው ይለያል።

ሰኞ የጻፍኩትን አንድ ነገር ግን ላርም። ታትሞ ሳየው አፌ ግጥም ብሏል። ቀልድ አልነገርኳትም። ያን ሁሉ ማታ ከኋላዋ ተቀምጬ አንዲት ቃል አልወጣኝም። ያሳቀቻት ፍየሏ ናት።