ከቀሚሴ ጠርዝ የተረተርኩት ጥብጣብ

ውድ የልጆቼ አባት፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። ሥልጠናውም እየገባኝ ነው፤ አዲሶቹ የስፌት መኪናዎች እንደኛ ቤቷ አሮጊት ክር አይበሉም። የምጽፍልህ ግን ስለ መኪና ላወራህ አይደለም። አንድ ነገር ልናዘዝልህ ነው፤ እንዳትስቅ።

ወደዚህ የተነሣሁ ዕለት ቤታችን በር ላይ፣ «የሰው አገር ነው፤ ልብሳቸውን ከመልበስሽ በፊት ጠይቂ» ስትለኝ፣ «ሃያ ዓመት ልብስ የሰፋሁትን ሴትዮ አናጢ ሊያስተምረኝ!» ብዬህ፣ ደህና ሁን እንኳ ሳልልህ ወጣሁ።

እዚህ ሴቶቹ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ሰማያዊ ቀሚስ ነው የሚለብሱት። እኔም አክባሪ እንግዳ ልሁን አልኩ። ገበያ ያየኋት አንዲት ሴት ታዲያ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ጥብጣብ ነበራት፤ ሲያምር! ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ቁርጥ እሱን ሰፋሁ። ሰኞ ለብሼው ወጣሁ።

አቤት የተከበርኩት! አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው አስቀመጡኝ። ዳቦ ሻጯ እጄን ይዛ አልለቅም አለች። ክፍል ስገባ ሁሉም ጸጥ። ስፌቴ አስደንቋቸው ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ። በሻይ ሰዓት፣ ቋንቋችንን ትንሽ ትንሽ የምትችለው አሠልጣኛችን እቅፍ አድርጋኝ፣ «እህቴ፣ ባለቤትሽ መቼ ነው ያረፉት?» አትለኝም!

«የእኔ ባል? ኧረ እሱ ቤቱ ሆኖ እያንኮራፋ ነው!»

ለካ ጥብጣቡን የምትሰፋው ባሏ የሞተባት ሴት ናት። አሠልጣኟ ለሌሎቹ ስትነግራቸው ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። «ልብሳችንን መውደድሽ ደስ ብሎናል፤ ግን ምነው ብትጠይቂን?» አለችኝ። ድምፁ የሷ ይሁን እንጂ ቃሉ ያንተው ነበር።

መቀስ ይዤ ጥብጣቡን ስተረትር ግን እንባዬ መጣ። ግማሽ ቀን ሙሉ ሰው ባንተ ሲያጽናናኝ ነው የዋለው። እውነት ሆኖ ቢሆንስ? ለመጨረሻ ጊዜ ያልኩህ ያንን የአናጢውን ነገር አልነበር?

አሁን ሳልጠይቅ አንዲት ክር አልለብስም፤ አላፍርበትምም። ትናንት ዳቦ ሻጯን ሻሽ አስተሳሰር በምልክት ጠየቅኳት። እሷው አሰረችልኝና ቀለበቴን መታ መታ አደረገች፤ ባል ያላት እንዲህ ነው የምታስረው ማለቷ ነው። ኮራሁ!

ጥብጣቡን አጥፌ እዚሁ ውስጥ ልኬልሃለሁ። መሣሪያ ሳጥንህ ውስጥ ቆልፍበት፤ ሁለተኛ ልሰፋው አልፈልግም። ስመለስ በር ላይ ጠብቀኝ። ያስቀረሁብህን ሰላምታ እዚያው ቆሜ እከፍልሃለሁ።

ችኩሏ ሚስትህ